የመንጋጋ ጥርስ ፍለጋ

ዓርብ ንጋት፣ ጎንደር

የጎንደር መናኸሪያ ገና በወጉ አልነጋለትም፤ ረዳቶቹ ግን "ዳባት፣ ደባርቅ፣ የሞላ" እያሉ ያልሞላ ሚኒባስ ይሞላሉ። ኅዳር ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ይህን ወንበር የምመርጠው ኩራት ይዞኝ አይደለም፤ መኪና ስለሚያዞረኝ ነው። ጭኔ ላይ የብስኩት ካርቶን አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ የጄሶ ጥርስ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ካርቶኑን ደጋግመው ሲያዩት ብስኩት እንዳልሆነ መናገር ግድ ሆነብኝ።

"ጥርስ ነው" አልኳቸው።

"የማን?" አሉኝ።

ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ "ቲቸር ሽኮኮ" የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ ስለ አበባም ልጀምር ስለ ደም ዝውውር፣ መጨረሻዬ ሽኮኮ ስለሆነ። ሽኮኮ ስል ታዲያ የከተማ ሰው ዛፍ ላይ የሚያሳያትን ባለ ጅራቷን ማለቴ አይደለም። ጅራት የሌላትን፣ ገደል ላይ ፀሐይ የምትሞቀውን፣ ድመት የምታክለውን የድንጋይ ሽኮኮ ነው። ይህች ፍጥረት የዝሆን ዘመድ ናት። ጥፍሯ ወደ ሰኮና ያደላል። የላይኛው የፊት ጥርሷ እንደ ዝሆን ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። በዚያ ቁመቷ ልጇን ሰባት ወር ከምናምን ትሸከማለች፤ ይህም ግዙፍ ከነበሩት አያቶቿ የቀረላት ውርስ ነው የሚሉ አሉ።

ጭኔ ላይ ያለው ጥርስ የእነዚያ አያቶች ነው። የዛሬ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ አፍሪካ በባሕር ተከባ ለብቻዋ ሳለች፣ እዚህ አገር ላም የለም፣ በግ የለም፣ ሚዳቋ የለም፣ አንበሳም የለም። ቅጠሉን የሚበላው ሽኮኮ ነበር። ጥንቸል የምታክል ነበረች፣ ከርከሮ የምታክል ነበረች፣ አህያ የምታክልም ነበረች። በኋላ አፍሪካ ከእስያ ጋር ስትገጥም የላምና የሚዳቋ ወገን ጎረፈ፤ ትልልቆቹ ሽኮኮዎች አለቁ፤ ትንሿ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ተረፈች።

ሴትዮዋ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ ታዲያ ያን ጊዜ ይበሏት ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሽኮኮ በሃይማኖታችን ከማይበሉት ወገን ናት። የሚበላት ሰው ገና አልተፈጠረም ነበር ስላቸው እፎይ አሉ።

እውነተኛው ጥርስ አዲስ አበባ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ። የምታጠናው ዶክተር ሰናይት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት፤ የጄሶውን ቅጂም የሠራችልኝ እሷ ናት። ጥርሱን ከዓመታት በፊት ወደ ጎንደር ያመጡት ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የዳባት ሾፌር ነበሩ። ከየት እንዳገኙት ሳይታወቅ ሞቱ። ቦታው ያልታወቀ ቅሪተ አካል ደግሞ ቃሉ የማይታመን ምስክር ነው፤ የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ከእነማን ጋር እንደኖረ መናገር አይችልም። ሰናይት የሰሜንን ቅሪተ አካላት የሚመለከት ጽሑፏን ልትጨርስ ነው። ትናንት ደውላ፣ ቦታውን ካላገኘሽልኝ ጥርሱን እተወዋለሁ አለችኝ። ሰውዬው ከሌላ አገር በጭነት መኪና አምጥተውት ቢሆንስ? ከገበያ ገዝተውት ቢሆንስ? ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁት። ዛሬ የተሳፈርኩት በዚያ ንዴት ነው።

ዓርብ ረፋድ፣ ዳባት

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ፀሐይ ወጣች፤ መስኮቱ ላይ ያለው እርጥበት ደረቀ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ እየታጨደ ነው። ማሳው ላይ የታሰረው ነዶ፣ ክምር የሚከምሩት ሰዎች፣ አስፋልቱን የሚያቋርጡ በጎች፤ በጎቹ ባለፉ ቁጥር ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ እኔ ደግሞ የፊቱን ወንበር እይዛለሁ። ሾፌሩ በየኬላው አንገቱን አውጥቶ መንገዱ እንዴት ነው ይላል። ሰላም ነው ይሉታል። ሰላም ነው ማለታቸው እስከሚቀጥለው ኬላ ድረስ ነው።

ዳባት የወረድኩት ከዘይነብ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ነው። ዘይነብ የሐጂ ኑሩ ልጅ ናት፤ እኩያዬ ትሆናለች፤ ከዚህ በፊት በስልክ እንጂ በአካል አልተያየንም። ቤቱ ጠባብና ሙቅ ነው። ሾፌሮች በብርጭቆ ሻይ ይዘው የጠዋት ዳቦ ይቆርሳሉ፤ ዳቦው ጥቁር አዝሙድ ይሸታል። ግድግዳው ላይ ቀይ ኤንትሬ ጭነት መኪና የተደገፉ ሰው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ረጅም፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ያደረጉ፣ ለፎቶ አንሺው ፈገግ ማለት ያልፈለጉ ሰው ናቸው።

ካርቶኑን ከፍቼ ጄሶውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ዘይነብ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሳችው። ትክክለኛውን ጥርስ በልጅነቷ እንዳየችው፣ ቀለሙ ግን እንደ ማር እንደነበር ነገረችኝ። ከጥግ የተቀመጠ አንድ አዛውንት ሾፌር አየን አየንና "የሐጂ ድንጋይ ነች?" አለ። ሌሎቹ ሳቁ። አባቷን ዳባት ውስጥ የሚያውቃቸው ሁሉ ሐጂ ድንጋይ ይላቸው ነበር፤ ይህን ስም ያወጣው ራሱ ይህ ሾፌር ነው። ዘይነብ አልሳቀችም። የሰውዬውን ብርጭቆ ሻዩን ሳይጨርስ አነሳችበት።

ከዚያ ቁጭ ብላ አጫወተችኝ። አባቷ ጥርሱን መጀመሪያ ለእነዚሁ ሾፌሮች አሳይተው፣ የመንጋጋ ጥርስ ነው ብለዋቸው፣ ከዚያ ይዘውት ጎንደር አንድ ቢሮ ሄደው ነበር። ሁለት ወጣቶች ተቀበሏቸው። ምንድን ነው ሲሏቸው የመንጋጋ ጥርስ ነው አሉ። ወጣቶቹ እሱንማ እናያለን፣ የተገኘው ከየት ነው አሏቸው።

"አባቴም፣ ነገርኋችሁ እኮ፣ የመንጋጋ ነው አላቸው። እነሱም፣ አባባ፣ የመንጋጋ መሆኑን እናውቃለን፣ ቦታውን ንገሩን አሉት። ሦስቴ ተመላለሱ። በኋላ አንዱ ሳቀ። አባቴ ሰው ሲስቅበት አይወድም። ጥርሱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎላቸው ወጣ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ጥርሱ የጠየቃቸውን ሁሉ ይቆጡ ነበር። ልጃቸውን እንኳ። ከተማው ግን ዝም አላለም። አንዱ ከሱዳን አመጣት ይላል፣ አንዱ ለፈረንጅ ሊሸጣት ሲል ሐሰተኛ ሆና ተገኘችበት ይላል።

"ቲቸር፣ አባቴ በሠላሳ ዓመት መንዳት የሰው አደራ አላጎደለም። ውሸታም ተብሎ ነው የተቀበረ" አለችኝ። "ቦታዋን ካገኘሽ ለእኔ ጽሑፍ አያስፈልገኝም። እዚህ መጥተሽ፣ እነዚህ ባሉበት፣ ጮክ ብለሽ ትነግሪኛለሽ።"

እነግርሻለሁ አልኳት። አፌን ከፍቼ ቃል ከገባሁ በኋላ ነው የት ሄጄ እንደምፈልግ የማላውቅ መሆኔ ትዝ ያለኝ። አባቷ ከደባርቅ ገብስ፣ ከቆላው ማሽላና ሰሊጥ ይጭኑ እንደነበር ነገረችኝ። እሷ ከሊማሊሞ ወዲያ ወርዳ አታውቅም። የሻዩን ሂሳብ አልቀበልም አለች፤ ዳቦም በፌስታል ጠቅልላ ካርቶኔ ውስጥ ከጄሶው ጎን ከተተችልኝ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ደባርቅ

ደባርቅ ሰፊ ሰማይና ቀዝቃዛ ነፋስ ያላት ከተማ ናት። ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ድንች የጫነው አህያ፣ ወደ ፓርኩ የሚሄድ ሰው የሚጠብቁት መሪዎች ሁሉ አንዱን ዋና መንገድ ይጋፉበታል። አንድ ወጣት መሪ ጭላዳ ላሳይሽ አለኝ። ሽኮኮ ነው የምፈልገው አልኩት። ሽኮኮ በነፃ ነው ብሎ ሳቀና ሐጂ ኑሩ ገብስ ይጭኑበት የነበረውን መጋዘን አሳየኝ።

ከመጋዘኑ ጀርባ ወንዝ አለ፤ ከዚያ ተነስቼ እስኪመሽ የወንዙን ዳር ፈተሽኩ። ያየሁት ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ይህ ተራራ እንዳለ ከመሬት ሆድ የፈሰሰ እሳት ነው፤ ፈሶ፣ ቀዝቅዞ፣ በላዩ ሌላ ፈሶ። እሳት ውስጥ አጥንት አይቀመጥም። አጥንት የሚገኘው እሳቱ ጋብ ባለበት ዘመን፣ ሐይቅና ጭቃ በነበረበት፣ በሁለት ጥቁር ድንጋይ መካከል በተኛው ስስ ደለል ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ደለሉን ትቼ ወንዝ ውስጥ እንቦጫረቃለሁ።

በመጨረሻ አንድ ቦታ ከአፈሩ ብቅ ያለ የጥርስ ረድፍ አየሁ። በጣቴ ቆፈርኩ፣ በውሃ አጠብኩ፣ ጉልበቴ እስኪርስ ተንበረከክሁ። አውጥቼ ሳየው የበግ መንጋጋ ነው፣ ምናልባትም ያለፈው ፋሲካ። ወንዙ ማዶ ልብስ የምታጥብ ሴት ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ ኖሮ፣ አጥንት ከፈለግሽ ከእኛ ቤት ኋላ ብዙ አለልሽ አለችኝ።

የተከራየሁት ክፍል ብርድ ልብሱ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ያስፈልጋል። ዓርብ ስለሆነ ራቴ ሽሮ ነው። ጥሩ ሽሮ ነበር፤ አልጣመኝም። ወደ ጎንደር ልመለስ ወይስ ልውረድ እያልኩ ሳሰላስል ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሊማሊሞ

ለመውረድ የወሰንኩት በእልህ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ቢያንስ ሐጂ ኑሩ ይመላለሱበት የነበረውን መንገድ አየዋለሁ፣ አዲ አርቃይ ደርሼ በዚያው እመለሳለሁ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሊማሊሞ መንገድ መሆኑን የሚያምነው የወረደበት ሰው ብቻ ነው። መኪናው ወደ ገደሉ ያቀናና በመጨረሻው ሰዓት ይታጠፋል፤ ከዚያ እንደገና። ከእግራችን በታች ቆላው በጭጋግ ተኝቷል፤ የተራራው ጫፎች ብቻ ከጭጋጉ በላይ ወጥተዋል። ዓይኔን ከገደሉ ለማሸሽ የተቆረጠውን የመንገድ ግድግዳ አያለሁ። ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ቀላ ያለ አፈር፣ እንደገና ጥቁር። እንደ ተደራረበ ቂጣ ነው። በየንጣፉ መካከል ስንት ሚሊዮን ዓመት እንዳለ ሳስብ ማቅለሽለሹ ቀለል አለልኝ።

ከኋላዬ በማዳበሪያ የተጠቀለለ አዲስ ማረሻ የታቀፉ ገበሬ ተቀምጠዋል። ደባርቅ ላይ ሲገቡ ረዳቱ ማረሻውን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢላቸው፣ እኔስ ከጣሪያ ላይ ልጫን እንዴ ብለው እምቢ ያሉ ሰው ናቸው። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ጠመዝማዛው አልቆ መንገዱ ቀጥ ማለት ሲጀምር፣ ሙቀቱም ሲመጣ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ረጋ ብለው ተናገሩ።

"አንተ ሾፌር፣ ከመንጋጋ ስትደርስ ጣለኝማ።"

ወደ ኋላ ዘወር አልኩ።

"አባቴ፣ መንጋጋ ምንድን ነው?"

ሰውዬው ጥያቄውን ለመረዳት ተቸገሩ። ጤናዬን የተጠራጠሩም ይመስለኛል።

"አገሬ ነዋ" አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ተማሪዎቼ ቢሆኑ ይህን ጊዜ ይተነፍሳሉ። ጡት አጥቢ እንስሳ ከሌላው በምን ይለያል ሲባል ሁሉም ጡት ይላል። አጥንት ብቻ ይዞ ለሚፈርድ ሰው ግን ትልቁ ምልክት መንጋጋ ነው። የእንሽላሊት የታችኛው መንጋጋ ከብዙ አጥንት የተገጣጠመ ነው፤ የእኛ በየጎኑ አንድ አጥንት ብቻ ነው። የቀሩት የት ሄዱ? ከጥንት አያቶቻችን ጀምሮ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተተካ፣ የመንጋጋው ማጠፊያ የነበሩት ጥቃቅን አጥንቶች እያነሱ፣ ወደ ኋላ እየሸሹ፣ ጆሮ ውስጥ ገቡ። ዛሬ መዶሻና መስፍ የምንላቸው የጆሮ አጥንቶች እነሱ ናቸው። አይጥ በላቸው፣ ዝሆን በላቸው፣ ሽኮኮ በላቸው፣ ሁላችንም የምንሰማው በአያቶቻችን መንጋጋ ነው።

ይህን ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ዕለት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሐጂ ኑሩ ለቢሮው ወጣቶች ቦታውን ነግረዋቸው ነበር። የመንጋጋ ጥርስ ነው ሲሉ፣ የመንጋጋ አገር ጥርስ ማለታቸው ነበር። የተማረ ጆሮ ሁሉ፣ የሰናይትም የእኔም፣ አፍ ውስጥ ያለውን መንጋጋ ሰማ። ሦስቴ ጠየቋቸው፣ ሦስቴም መለሱ።

ሾፌሩን እኔም እዚያው ነው የምወርደው አልኩት። ረዳቱ አዲ አርቃይ ድረስ ከፍለሻል አለኝ። ይሁንልህ አልኩት።

ቅዳሜ ቀትር፣ መንጋጋ

ሰውዬው አያ ደሴ ይባላሉ። መንጋጋ ከአስፋልቱ በስተ ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ጉብታዎች ናቸው፤ ከመሃላቸው ደረቅ ወንዝ፣ አፋፉ ላይ ጥቂት ቤቶች። ከመንገዱ ሲያዩት የተከፈተ አፍ ይመስላል፤ ስሙንም ያገኘው በዚሁ ነው አሉኝ። ማሽላው ቀልቷል፤ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ከማማ ላይ ወንጭፍ ያጮሃሉ።

እየሄድን ስለ አንድ ቀይ ጭነት መኪና ጠየቅኋቸው። አያ ደሴ ቆሙ።

"ሐጂ ኑሩን ነው እምትይ?"

እዚህ፣ ከመንገዱ ዳር፣ መኪናው ተሰብሮባቸው ዕቃ ከጎንደር እስኪመጣላቸው ሰነበቱ። አያ ደሴ ወጣት ጎልማሳ ነበሩ ያኔ። ውሃና ቆሎ ያመጡላቸው ነበር፤ ሐጂውም ለቤታቸው ስኳር ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ባለፉ ቁጥር ጥሩምባ ሳይነፉ አያልፉም ነበር። መሞታቸውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አያ ደሴ ማረሻውን መሬት ላይ አኖሩና ነፍስ ይማር አሉ። ጥሩምባው ዝም ሲል ጊዜ ጠርጥሬ ነበር አሉኝ።

ስለ ጥርስ ግን የሚያውቁት ነገር የለም። ሲቆፍሩም ሲፈልጡም አላዩአቸውም። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ ጠየቅሁ።

"ከመኪናው ሥር ይተኛሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ይሰግዳሉ።"

"የት ነው የሚሰግዱት?"

"ና ላሳይሽ" አሉ፤ ተሳስተው እንደ ወንድ ጠርተውኝ ራሳቸው ሳቁ። ወንዙ አፍ ላይ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከእኔ ቀድሞ የደረሰ ነፋስ ጠርጎታል። ሐጂው እዚያ ላይ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ይሰግዱ ነበር፤ የመንጋጋ ሰዎች እስከ ዛሬ የሐጂ ድንጋይ ይሉታል። ዳባት ላይ ለመሳለቂያ የወጣው ስም እዚህ በአክብሮት የተሰጠ የቦታ ስም ሆኖ ቆየኝ።

ፊታቸውን ወዴት ያዞሩ እንደነበር መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከዚህ አገር መካ በሰሜን በኩል ነው። ካርቶኑን አስቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ወደ ሰሜን ዞሬ ተንበረከክሁ። ግንባሬን እስከ ድንጋዩ ዝቅ አደረግሁና ቀና አልኩ። አያ ደሴ የምጸልይ መስሏቸው ቆባቸውን አወለቁ።

ቆሞ ላለ ሰው አይታይም። ለተንበረከከ ሰው ግን በቀጥታ ዓይን ፊት ነው። ከድንጋዩ ማዶ፣ የወንዙ ዳር በተሸረሸረበት፣ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከታች ጥቁር ድንጋይ፣ በመካከል ክንድ የማይሞላ ግራጫ ደለል አለ። ደለሉ ውስጥ ማር የመሰለ ነገር ያብለጨልጫል።

በእንብርክኬ ሄድኩ። የታችኛው መንጋጋ ነው፤ አንድ ወጥ አጥንት፣ እንደ ሕጉ። ከደለሉ የወጣው ጎኑ ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ውስጥ ይገባል። ጥርሶቹ በረድፍ ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለው ጠርዝ ይታያል፤ ቅጠል የሚፈጭ ጥርስ። ትክክለኛ የሽኮኮ ጥርስ፤ ግን የአህያ መንጋጋ በሚያህል አጥንት ላይ የበቀለ። ከረድፉ መካከል አንዱ የለም። በቦታው ባዶ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ታች የተሰበረ የጥርስ ሥር፣ ከጎኑ ደግሞ በድንጋዩ ላይ ሾፌር ጎማ የሚያወልቅበት ብረት የተወው ጭረት።

ጄሶውን ከፎጣው ለማውጣት አያ ደሴ አገዙኝ። አስጠጋሁት። በመጀመሪያ ገልብጬ ያዝኩት፤ አልገባም አለ። አዞርኩት። ገባ። የስብራቱ ጥግ ከስብራቱ ጥግ ጋር፣ ጉብታው ከጎድጓዳው ጋር ገጠመ። ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ያኖረውን ሐጂ ኑሩ በብረት ለያይተውት ነበር፤ እኔ በጄሶ መለስኩት።

እልል አልኩ። አስቤበት አይደለም። አስተማሪ ሆኜ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ወንዝ ውስጥ ቆሜ እልልታዬን አቀለጥኩት። አፋፉ ላይ ካሉት ቤቶች አንዲት ሴት ምክንያቱን ሳታውቅ ተቀበለችኝ፤ ሌላም ተቀበለቻት። አያ ደሴ ሚስታቸው መሆኗን ነገሩኝና፣ ማን ወለደ ብላ ነው እምትመጣ አሁን አሉ። እውነትም እየሮጠች መጣች። የሆነውን ስነግራት ድንጋዩን አየች፣ ጄሶውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ፣ ደስታ ከሆነማ ደስታ ነው ብላ እንደገና እልል አለችልኝ።

መንጋጋውን አልነካሁትም። እንዲህ ያለ ነገር በሕግና በባለሙያ እጅ እንጂ በአስተማሪ ጥፍር አይወጣም። ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁ፤ በደረቅ አፈር ሸፈንነው፤ በላዩ ድንጋይ ደረደርን። አያ ደሴ ባለሙያዎቹ እስኪመጡ ከብት አላስረግጥም፣ ልጅም አላስጠጋም አሉኝ። ምሳ ሳልበላ ልሂድ ብል ማን ሊለቀኝ። የማሽላ እንጀራ፣ ቅቤ የበዛበት ወጥ፣ ጠላ። ደባርቅ ላይ አልጣመኝ ያለው ምላስ እዚህ ሁለተኛ እንጀራ አስጨመረ።

ቅዳሜ አመሻሽ፣ ደባርቅ

መንጋጋ ላይ ኔትዎርክ የለም። ሽቅብ የሚመለስ ጭነት መኪና ተለምኜ ጋቢና ውስጥ ገባሁ፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሁሉ ስልኬን ወደ መስታወቱ ይዤ ወጣሁት። ደባርቅ መግቢያ ላይ ስልኩ ተንጫጫ። ፎቶዎቹን ላክሁና ደወልኩ።

ሰናይት ፎቶዎቹን አየች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ታለቅስ ነበር።

"ከላይና ከታች ጥቁር ድንጋይ ነው ያልሽኝ? እርግጠኛ ነሽ?" አለች። "የድንጋዩን ዕድሜ መለካት እንችላለን እኮ። ሁለቱን ከለካን ጥርሱ በመካከላቸው ነው። እኔ ደግሞ ልጥለው ነበር።"

ጽሑፏን ማሳተሙን ታቆየዋለች፤ ፈቃድ አውጥታ ከቡድኗ ጋር ትመጣለች። ቦታውን ምን ብዬ ልጻፈው አለችኝ። መንጋጋ በይው አልኳት። አሁን በራሷ ሳቀች።

እሑድ፣ ዳባት

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ነጠላ የለበሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ዘይነብ ሻይ ቤቷን እንደ ወትሮው ከፍታለች። ከደጅ ስታየኝ ከፊቴ ለማንበብ ሞከረች፤ እኔ ግን ሚኒባስ ስላዞረኝ ፊቴ ምንም አይነበብም ነበር።

አዛውንቱ ሾፌር ጥጉ ላይ ነው። ሌሎችም አሉ። ቃሌ ስለሆነ አልተቀመጥኩም። ቆሜ፣ ተማሪ ዝም በሚያሰኘው ድምፄ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስለ ሽኮኮዋ ነገርኳቸው፤ አህያ ታክል ነበር ስላቸው አንዱ ሻዩ ትን አለው። ስለ ጭቃውና ስለ እሳቱ ነገርኳቸው። መንጋጋ የሚባለውን አገር፣ አያ ደሴን፣ ጥሩምባውን፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ነገርኳቸው። ሐጂ ኑሩ መንጋጋውን ያዩት ለፈጣሪያቸው ሲሰግዱ እንደነበር ስናገር ዘይነብ ሽርጧን አፏ ላይ ያዘች። ስልኬን አዟዟርኩላቸው፤ ጄሶው በቦታው ገብቶ የሚታይበትን ፎቶ ሁሉም እያጎላ አየው።

አዛውንቱ ሾፌር ከሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ ያዘው። ሊማሊሞን ዕድሜውን ሙሉ የነዳ ሰው ነው፤ ያን የተከፈተ አፍ የመሰለ ጉብታ ሺህ ጊዜ አልፎታል። ስልኩን መለሰልኝና ወደ ዘይነብ ዞረ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ታዲያ ሐጂ ያኔ ለምን አልነገረንም? ቦታውን እኛ እናውቀው ነበር እኮ።"

ዘይነብ ዓይኗን ጠረገች። ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶግራፍ ተመለከተች። ከዚያ ዓርብ ዕለት ያነሳችበትን ብርጭቆ እስከ አፉ ሻይ ሞልታ ፊቱ አኖረችለት።

"ነግሯችሁ ነበር" አለችው። "የመንጋጋ ጥርስ ነው ብሏችሁ ነበር።"